ኬሚካሉና ቀን መቁጠሪያው፦ የወባ ርጭት ታሪክ ከምዕራብ ጎጃም ሲታይ



የሕዝብ ጤና ቀውስ ሲደርስ ተባይ የማጥፋት ሥራ እንዴት ይለወጣል? የዛሬው ገለጻዬ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። በብዙ የዓለም ክፍል ይህ ሥራ በኩባንያዎች እጅ ያለ ንግድ ነው። ደንበኛው ይደውላል፣ ባለሙያው መርጫውን ይዞ ይመጣል፣ አይጡ ወይም ትኋኑ ሲጠፋ ሒሳብ ይከፈላል። በእኛ አገር፣ በተለይም በገጠሩ፣ ታላቁ የፀረ ተባይ ሥራ ከስድሳ ዓመት በላይ የመንግሥት ሥራ ሆኖ ኖሯል። ረጪው ማንም ሳይጠራው ይመጣል፤ ተባዩ የወባ ትንኝ ነው፤ የሚረጨውም ገበሬው ከነቤተሰቡ የሚተኛበት ቤት ግድግዳ ነው። የኢትዮጵያን የፀረ ተባይ ኢንዱስትሪ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው መዛግብቱን በመጀመሪያ የሚያገኘው በጤና ጥበቃ በኩል ነው።

ምሳሌዬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው አገር ይሆናል። ይህ አገር ወይና ደጋ ነው፤ ወባ ዓመቱን ሙሉ የማይኖርበት፣ ሲመጣ ግን ሕዝቡን ሳይዘጋጅ የሚያገኝበት ከፍታ ነው። ልከራከር የምፈልገውም የሚከተለውን ነው። የርጭቱ ሥራ በየቀውሱ የሚረጨውን ኬሚካል ደጋግሞ ለውጧል፤ የሚረጭበትን ጊዜና የሚረጭበትን አገር አኗኗር የመረመረው ግን እጅግ ባነሰ ትጋት ነው። ዓመቶቹን በተቻለ መጠን በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ምንጩ በፈረንጆች አቆጣጠር ያቀረበውን ግን እንዳለ እጠቅሳለሁ።

ከርጭቱ በፊት የነበረውን በአጭሩ ላስታውስ። አባቶቻችን ትንኝ ወባን እንደሚያስተላልፍ ባያውቁም በሽታው የት እንደሚኖር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ንዳድ የቆላ በሽታ ነው፤ ደገኛ ቆላ ወርዶ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይነግዳል፤ ከቻለ ግን እዚያ አያድርም። የጎጃም ሰፈሮች በየኮረብታው ትከሻ ላይ የመቀመጣቸው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ትንኟ የምትነክሰው ሌሊት ስለሆነ ይህ ልማድ በዛሬው ሳይንስ ቢመዘንም የሚያስነቅፍ ነገር የለበትም። ያለ ኬሚካልና ያለ በጀት የሚሠራ የመከላከያ ሥርዓት ነበር። ነገር ግን በሽታው ቆላ ውስጥ ይቆያል በሚል እምነት ላይ የቆመ ስለነበር፣ በሽታው ወደ ላይ በወጣ ጊዜ ምንም መልስ አልነበረውም።

ወደ ላይ የወጣውም በ1950 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ከልማዱ በላይ በዛ፣ ሙቀቱና እርጥበቱም ጨመረ፤ ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወባ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው የደጋና የወይና ደጋ አገር ተዛመተ። የዘመኑ ባለሙያዎች ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሰው ሞተ የሚል ነው። ፍኖተ ሰላምም ሆነች ቡሬ በዚህ የከፍታ ክልል ውስጥ ናቸው። የሟቾቹ ቁጥር እንዲህ የበዛው ትንኙ ከሌላው ጊዜ የከፋ ሆኖ አይደለም፤ በበሽታው ተነክቶ የማያውቅ ሕዝብ ሰውነት የመቋቋም አቅም ስላልነበረው ነው። ዘመኑም የአጨዳና የውቂያ ዘመን ነበር። ያጨደ እጅ ሲታመም የተዘራው በማሳ ላይ ይቀራል፤ የወባ ዓመት የረኃብ ዓመት የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ በጣና ሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ 7,000 ያህል ሰው በወባ እንዳለቀ ተመዝግቧል። ማስጠንቀቂያው ስለዚህ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ቀውሱ ሲመጣ መሣሪያው በሌላ ቀውስ ተፈትኖ የተዘጋጀ ነበር። ዲዲቲ ተባይ ገዳይ መሆኑን ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፖል ሙለር በ1930ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር ካገኘ በኋላ፣ ስሙ በዓለም የገነነው በጦርነቱ መካከል ናፖሊ ላይ ነው። በ1943 እና በ1944 መካከል በነበረው ክረምት የተስቦ ወረርሽኝ በከተማይቱ ሲነሣ የሕዝቡ ልብስ በዱቄቱ ተነፋ፤ ቅማሉ ሞተ፣ ወረርሽኙም ቆመ። ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 1947 ዓ.ም. ሜክሲኮ ከተማ ላይ ወባን ከዓለም የማጥፋት ዘመቻ ሲያውጅ ተስፋው ያረፈው በዚሁ ዱቄት ላይ ነበር። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ በአብዛኛው ከዘመቻው ውጭ ቀረ፤ ኢትዮጵያ ግን ከተካተቱት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆነች። በደምቢያ፣ በቆቦ፣ በአዋሽ ሸለቆና በጋምቤላ የሙከራ ሥራዎች ተጀምረው ነበር። የ1951ዱ ሞት ሙከራውን ወደ አገር አቀፍ ተቋም አሸጋገረው። እ.ኤ.አ. በ1959 በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ሆኖ የራሱ አስተዳደር ያለው የወባ ማጥፊያ ድርጅት በአሜሪካ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ድጋፍ ተቋቋመ፤ የሠራተኞቹም ማሠልጠኛ ናዝሬት ላይ ተከፈተ።

የዚህን ድርጅት አሠራር በዝርዝር ማየት ይገባል፤ ከቀውስ የተወለደ ተቋም ጠባዩን ከቀውሱ ይወርሳልና። አደረጃጀቱ የጦር ሠራዊት ይመስላል። የዘርፍ አዛዥ፣ የቡድን መሪ፣ ረጪ፣ ካርታ ሠሪ፣ ቤት ቆጣሪ አለው። ረጪው ሃድሰን የተባለውን የእጅ ፓምፕ ተሸክሞ 75 ከመቶ ዲዲቲ ያለበትን ዱቄት በውኃ በጥብጦ፣ የመርጫውን አፍ ከግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር አርቆ፣ በአንድ ካሬ ሜትር 2 ግራም እንዲያርፍ አድርጎ ይረጫል። ይህን መጠን ለመጠበቅ እጅና እግር እኩል መሄድ አለባቸው፤ ፈጥኖ የሄደ ያሳንሳል፣ የዘገየ ያባክናል። ቤቱ ከተረጨ በኋላ በሩ ላይ ምልክት ይጻፋል። ግብር ሰብሳቢ እንኳ በትክክል የማያውቀውን ጎጆ የወባ ሠራተኛ ቆጥሮ በካርታ ላይ አስፍሮታል። በእኔ ግምት፣ በኋለኞቹ የአስተዳደር ለውጦች ከጠፉት ነገሮች ሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ዕውቀት ነው።

ሕዝቡ ርጭቱን እንዴት ተቀበለው? በመጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር፤ ምክንያቱም ከትንኙ ጋር ትኋኑም ቁንጫውም ይሞታል። ለባለቤቱ የሚታየው ጥቅም ይህኛው ነው፤ ወባው የሚመጣው ከወራት በኋላ ነውና። ትኋኑ ዲዲቲን ሲለምድ፣ እንደ ብዙ አገሮች ሁሉ፣ የሕዝቡ ፈቃድም ቀዘቀዘ። ሌላም ችግር ነበረ። የጎጃም ቤት ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይመረጋል፣ በእበት ይለቀለቃል። በክረምት የተረጨው ኬሚካል በመስከረም አዲስ ምርጊት ሲለብስ ትንኟ የምታርፈው ንጹሕ ጭቃ ላይ ይሆናል። የበዓሉን ወግ የምትጠብቀው የቤት እመቤት ምንም አላጠፋችም። ርጭቱን ያቀደው ሰው ግን መስቀል መቼ እንደሚውል ማወቅ ነበረበት። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ለምርጊት የሚሆነው አፈር ከቤቱ አጠገብ ይቆፈራል፤ ጉድጓዱ የክረምቱን ውኃ ያቁራል፤ በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ፣ አኖፈለስ አረቢየንሲስ፣ አብልጣ የምትወደውም ፀሐይ የሚያገኘውን እንዲህ ያለውን ጥልቀት የሌለው ድፍርስ ውኃ ነው። ስለዚህ አንዱ ምርጊት ኬሚካሉን ይሸፍናል፣ ትንኟንም ያረባል።

ከዚህ በኋላ ያሉትን የተቋም ለውጦች በፍጥነት ልለፋቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለም ጤና ጉባኤ በየአገሩ በአጭር ጊዜ ወባን የማጥፋቱ ግብ እንደማይሳካ ተቀበለ፤ እኛም ዘንድ ‹‹ማጥፋት›› የሚለው ቃል ቀስ በቀስ ለ‹‹መቆጣጠር›› ቦታውን ለቀቀ። በ1985 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ሥራው ከማእከል ወጥቶ ለክልል ጤና ቢሮዎች ተሰጠ። በመርሕ ደረጃ ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ የጃቢ ጠህናንን ኩሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን ሥልጣኑ ሲወርድ ካርታውና ካርታውን የሚያነበው ሰው አብረው አልወረዱም። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. መካከል ወረርሽኝ በአገሪቱ 211 ወረዳዎች በተነሣ ጊዜ የዚህ ጉድለት ዋጋ ታየ። ከዚያ ቀውስ የተወለዱት መልሶች ግን የሚናቁ አይደሉም፤ በኬሚካል የተነከረ አጎበር በሚሊዮኖች ታደለ፣ አዲስ መድኃኒት መጣ፣ በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ። ርጭቱም በብዙ ቦታ ድንኳን ተክሎ ከሚዘዋወረው ቡድን ወደ ቀበሌው ልጆች ተላለፈ።

ኬሚካሉም ተለወጠ። ዲዲቲ በውጭ በራቸል ካርሰን መጽሐፍ ከ1962 ጀምሮ መልካም ስሙን አጥቷል፤ ኢትዮጵያም የስቶክሆልምን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 አጽድቃለች። ስምምነቱ ለወባ መከላከያ የሚሆነውን ዲዲቲ ስለፈቀደ ከዝዋይ አጠገብ ያለው የአዳሚ ቱሉ ፀረ ተባይ ማዘጋጃ ፋብሪካ ዱቄቱን ማዘጋጀቱን ቀጠለ። ከዱቄቱ ከፊሉ ወደ ጫት ማሳና ወደ እህል ጎተራ ሾልኮ መውጣቱ በሰፊው የሚታወቅ ነው። ዲዲቲን በመጨረሻ ከግድግዳው ያወረደው ግን ትንኙ ራሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ትንኙ ስለለመደው በዴልታሜትሪን ተተካ። ዴልታሜትሪንም ብዙ ሳይቆይ አቅም አጣ፤ ቤንዲዮካርብና ፕሮፖክሰር መጡ፤ ከእነርሱም በኋላ አክተሊክ በሚል ስም የሚታወቀው ፒሪሚፎስ ሜቲል ተከተለ። በመጋዘን የቀረው ዲዲቲ ደግሞ ራሱ መወገድ ያለበት መርዝ ሆነ።

በዚህ ለውጥ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዲዲቲ ግድግዳ ላይ ከስድስት ወር በላይ ይሠራል፤ ቤንዲዮካርብ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ነው፣ በጭቃ ግድግዳ ላይ ደግሞ ወደ ታችኛው ቁጥር ያዘነብላል። በልማድ ርጭቱ የሚካሄደው ክረምቱ ሳይጠነክር፣ መንገድ ሳይዘጋ፣ በሰኔና በሐምሌ ነው። በምዕራብ ጎጃም ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በሰኔ አጋማሽ ዲዲቲ የተረጨ ቤት፣ ባይመረግ ኖሮ፣ እስከ ታኅሣሥ ይጠበቅ ነበር። በዚያው ቀን ቤንዲዮካርብ የተረጨ ቤት ጥበቃው በነሐሴ ሊያልቅ ይችላል። የዲዲቲ ዕድሜ የቀን መቁጠሪያውን ስሕተት ይሸፍን ነበር ማለት ነው፤ አዲሶቹ ኬሚካሎች ግን እንዲህ ያለ ይቅርታ አያደርጉም። የኬሚካሉን ግዢ ለመለወጥ አንድ ጨረታ ይበቃል። ጊዜውን ለመለወጥ ግን የበጀት ዓመቱን፣ የሥልጠናውን ወቅት፣ የገበሬውን የሥራ ጊዜና የጭቃውን መንገድ አብሮ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የቡሬ በቆሎ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 በቡሬ አካባቢ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። የታሪክ ባለሙያው ጄምስ ማካን ስለ በቆሎና ስለ ወባ የጻፋቸውን ሥራዎች ያነበባችሁ እንደምታውቁት፣ ይህ ወረርሽኝ የመጣው አገሩ በፍጥነት የበቆሎ አገር እየሆነ ባለበት ጊዜ ነበር። ባኮ ላይ የወጣው ቢኤች-660 የተባለው ዲቃላ ዘር በ1980ዎቹ ማብቂያ ከማዳበሪያ ጋር በሰፊው ተሠራጭቷል። ምርቱ ከቀድሞው ዘር ጋር አይወዳደርም፤ ገበሬው ቢወደው አይፈረድበትም። ነገር ግን ረጅም ነው፣ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ጽጌ ብናኙንም የሚያራግፈው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው።

ይህ ከትንኝ ጋር ምን አገናኘው? የማነ የእብዮ፣ አንድሩ ስፒልማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የአኖፈለስ አረቢየንሲስ እጭ የበቆሎ ብናኝ ሲመገብ ፈጥኖ እንደሚያድግና ብዙው ለትንኝነት እንደሚበቃ አሳዩ። የቀድሞው ዘር ብናኙን የሚያራግፈው ጎርፉ ኩሬውን እያጠበ በሚወስድበት በክረምቱ ልብ ነበር። አዲሱ ግን ዝናቡ ሲያባራ፣ ኩሬው ሳይናወጥ ሲቀመጥ፣ ልክ በትንኟ የመራቢያ ጊዜ ያራግፋል። በቆሎው የሚዘራው ብዙ ጊዜ በጓሮ ነው፤ ብናኙም ከአገዳው ብዙ አይርቅም፣ ያ የምርጊት ጉድጓድም እዚያው አጠገብ ነው። አስናቀው ከበደ፣ ማካን፣ የማነና ሌላ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት የቡሬ አካባቢ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚመረትባቸው ቦታዎች የወባ ሕመም ጥቂት በቆሎ ከሚዘራባቸው ቦታዎች 9.5 እጥፍ ሆኖ እንዳገኘው ዘግቧል። በቆሎ ብቻውን ወባን አመጣ ማለት አይደለም፤ የሕዝብ ብዛት፣ የመሬት ከፍታ፣ የአየሩ መሞቅም አሉ። ግን ወረርሽኙን ከሰብል ቀን መቁጠሪያ ጋር ያገናኘ ማስረጃ ከዚሁ ከአገራችን ወጥቷል።

ማስረጃው ከወጣ በኋላ የተከተለው ነገር የታሪክ ሰውን ያሳስበዋል። ዘሩ የግብርና ነው፣ ርጭቱ የጤና ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ስንት ኩንታል ዘር እንዳሠራጨ ሪፖርት ያደርጋል፣ ሌላው ስንት ቤት እንደረጨ። በቆሎው ጽጌ የሚያራግፍበት ሳምንትና ኬሚካሉ የሚያበቃበት ሳምንት በአንድ ወረቀት ላይ የሚጻፉበት አሠራር አልተለመደም። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አገራችን ገብቶ በቆሎውን ሲወር ደግሞ ግንኙነቱ በሌላ በኩል ተወሳሰበ። ገበሬው በየገበያው ያገኘውን ፀረ ተባይ ማሳው ላይ ረጨ፤ ካራቴን የመሰሉት የፓይሬትሮይድ ኬሚካሎች አጎበሩ ከተነከረበት ኬሚካል ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ማሳ ውስጥ ባለው ኩሬ የምታድግ እጭ መርዙን የምትለምደው ገና ወደ ቤት ሳትገባ ነው።

የኮቪድን ዘመን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጎዳናዎች ላይ የክሎሪን ርጭት ሲካሄድ አየን። ፓምፕ ያለው ተቋም ቀውስ ሲመጣ መርጨቱ የሚጠበቅ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ጎዳና መርጨት ቫይረሱን ለመከላከል እንደማይጠቅም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አስታወቀ። ይኸው ድርጅት የአጎበር እደላና የቤት ውስጥ ርጭት በኮቪድ ምክንያት እንዳይቋረጥ አጥብቆ ያሳስብ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው፣ ለዓይን የሚታየው ርጭት የማይጠቅመው ሆነ፤ የሚጠቅመው ርጭት ደግሞ የሰው ቤት ውስጥ የሚገባው፣ በዚያ ወራት ሰው እንግዳን በሚፈራበት ጊዜ ለማከናወን የከበደው ነበር።

በቅርቡ የገጠመን ቀውስም ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ዘገባ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ ከሕሙማኑ 18 ከመቶ ያህሉ የአማራ ክልል ነዋሪዎች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ያለው ግጭት ለርጭት ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ርጭት መንገድ ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል፣ የማይታወቅ ሰው ፓምፕ ተሸክሞ ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ የማይጠረጠርበት ሰላም ይፈልጋል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ደግሞ አኖፈለስ ስቴፈንሲ የተባለችው መጤ ትንኝ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ታውቃለች። በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ስለምትራባ የጎጆን ግድግዳ ለመርጨት የተቋቋመው ሥርዓት ለእርሷ አይበቃም። ቡሬን የመሰለች እያደገች ያለች ከተማ ይህን ከሩቅ እንደሚሰማ ወሬ ልታየው አይገባም።

ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ አላችሁ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የወባ መሥሪያ ቤት የተቀጠሩ ሰዎች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል። በፍኖተ ሰላም፣ በጂጋ፣ በደምበጫና በቡሬ ፈልጓቸው። ዲዲቲ ስለመርጨታቸው ብዙ ተጽፏል፤ እናንተ የምትጠይቋቸው ሌላ ነው። ድንኳኑ የሚተከለው በየትኛው ሳምንት ነበር? ቀኑን የሚወስነው ማን ነው? የትኛው መንደር ለመስቀል ቤቱን ይመርግ ነበር፣ የትኛው ለገና? በጓሮው በቆሎ ነበረ ወይስ ጌሾ? ኩሬውን የሚያዳፍነው የወባ ሠራተኛው ነበር ወይስ ባለ ቤቱ? መልሱን ስትመዘግቡ ወሩን በእኛ አቆጣጠር፣ ቀበሌውንም በዚያን ጊዜ ስሙ ጻፉት።